ወራጅ የማይሰማ ባጃጅ

ዕለቱ ማርያም ነበር፣ ወር በገባ በ21። ከላፍቶ ወደ ሃና ማርያም በሚሄድ ባጃጅ ከኋላ ሦስት ሆነን ተሳፍረናል። ከጎኔ ነጠላቸውን መስቀለኛ ያጣፉ፣ ከዘራ የያዙ አንዲት እናት ተቀምጠዋል። ከጭንቅላታችን ጀርባ ሁለት ስፒከርና አንድ የቤዝ ሳጥን አለ። ቤዙ በመታ ቁጥር የእማማ ነጠላ ጫፍ ይንቀጠቀጣል። እያጋነንኩ አይደለም።

እማማ «ወራጅ» አሉ። ሹፌሩ አልሰማም። ትንሽ ቆይተው ድምፃቸውን ከፍ አደረጉና «ወራጅ አለ ልጄ» አሉ። አሁንም አልሰማም። በሦስተኛው ከዘራቸውን አንስተው የፊቱን ብረት ደጋግመው መቱት። ባጃጁ ሲቆም መውረጃቸውን ከሁለት መቶ ሜትር በላይ አልፈነው ነበር።

ሹፌሩ ዞር ብሎ «ውይ! ይቅርታ እማማ፣ አልሰማሁም» አለ። እሳቸው አልተቆጡም። ቀስ ብለው ወረዱ፣ ከዘራቸውን አስተካከሉና «አይዞህ ልጄ። ቤት ያሉት ጆሮሽ አይሰማም ይሉኛል፤ ለካ የእናንተም አይሰማም» አሉት። «ልመልስዎት» ቢላቸው በእጃቸው እምቢ ብለው፣ የመጣንበትን መንገድ በእግራቸው ወደ ኋላ ተያያዙት።

ሹፌሩን ላማላችሁ ብፈልግ ጽሑፉ እዚህ ጋ ያልቅ ነበር። ችግሩ ግን ሹፌሩ ታናሽ ወንድሜ ነው። አምፕሊፋየሩ የተገዛው በእኔ ገንዘብ ነው። ከሁሉ የሚብሰው ደግሞ የእማማን የመጀመሪያውን «ወራጅ» እኔ ሰምቼዋለሁ። ስልኬ ላይ የማርመው ጽሑፍ ነበረኝና «ይሰማታል» ብዬ ዝም አልኩ።

ስለዚህ ዛሬ የምጽፈው ስለ ስፒከር ነው። ስለ ዋት፣ ስለ ሽቦ፣ ስለ ፊውዝ። «ጋዜጠኛ ምን አገባው?» የምትሉኝ ካላችሁ እስከ መጨረሻው ታገሱኝ።

ወንድሜ ከባጃጁ በፊት በሞተር ሳይክል ዕቃ ያደርስ ነበር። በ2011 ዓ.ም. ክረምት መግቢያ ላይ ከተማዋ ያለ ልዩ ፈቃድ የሚንቀሳቀሱ ሞተሮችን ስትከለክል ሥራው በአንድ ሳምንት ቆመ። ሞተሩን ሸጠ፣ ወራት ቤት ተቀመጠ፣ ከዚያ የሰው ባጃጅ ይዞ ወጣ። በ2015 ዓ.ም. ደግሞ ባጃጆች በተራቸው ለጊዜው ታገዱ። እንደገና ቤት ተቀመጠ። ሲፈቀድ በማኅበርና በተወሰነ መስመር ሆኖ ተመለሰ። ለባለቤቱ በየቀኑ የተቆረጠ ገቢ ያስገባል፤ ነዳጁን ችሎ የተረፈው የእሱ ነው። ገቢው እንዲሞላ ከንጋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት እስከ ማታ አሥራ ሁለት ሰዓት፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ መሪው ላይ ነው።

አንድ ማታ «ወንድም ጋሼ» አለኝ። ገንዘብ ሲፈልግ ብቻ ነው እንዲህ የሚጠራኝ።

«ስንት?»

«ስምንት ሺህ።»

«ለምን?»

«ለአምፕ።»

ሳቅሁ። ስለ ከተማችን ጫጫታ ረዥም ጽሑፍ ጽፌ የማውቅ ሰው ነኝ። የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300/1995 ድምፅንም እንደሚመለከት፣ በመኖሪያ ሰፈር የተቀመጠው የድምፅ ጣሪያ ቀን 55፣ ሌሊት 45 ዴሲቤል፣ በንግድ አካባቢ ደግሞ 65 እና 55 መሆኑን ቆጥሬ የጻፍኩ። ይህንኑ ደግሜ አስተማርኩት። እስክጨርስ ጠበቀኝና እንዲህ አለ፦

«ባጃጁ የሰውዬው ነው። መስመሩ የቢሮው ነው። ታሪፉ የመንግሥት ነው። ተራው የማኅበሩ ነው። ቀኑን ሙሉ ተቀምጬበት የእኔ የምለው ዘፈኑን ብቻ ነው። እሱም በአፍንጫው እየዘፈነ ነው የሚሰማኝ።»

መልስ አጣሁ። ብሩን ሰጠሁት።

ቅዳሜ ጠዋት መርካቶ፣ ሶማሌ ተራ ወረድን። የመኪና ዕቃ የተባለ ሁሉ ያለበት ሰፈር ነው። ሻጩ አንድ የሚያብለጨልጭ አምፕሊፋየር አወጣልን። ሳጥኑ ላይ በትልቁ «1000 ዋት» ይላል። ወንድሜ ዓይኑ በራ። እኔም ደስ አለኝ። እዩልኝ እንግዲህ፦ በዲግሪ የተመረቅሁ ጋዜጠኛ ነኝ፣ ምንጭ ሳላጣራ ዜና አልጽፍም፤ ካርቶን ላይ የታተመ ቁጥር ግን ሳላጣራ አምኜ ከፈልኩበት።

እዚያው መንገድ ዳር አንድ ልጅ በግማሽ ሰዓት ገጠመልን። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል እንዲሉ፣ ችግሩ ላፍቶ ሳንደርስ ጀመረ። ነዳጅ ሲሰጥ ስፒከሩ ከሞተሩ ጋር አብሮ «ዊይይ» ይላል፤ ሞተሩ ሲበርድ እሱም ይበርዳል። ማታ ላይ ቤዝ በመታ ቁጥር የፊት መብራቱ ጭልም ይላል። አምፑ እጅ እስኪያቃጥል ይግላል። በሦስተኛው ቀን ጠዋት ባትሪው ሞቶ ባጃጁን ከጎረቤት ልጆች ጋር ገፍተን አስነሳነው።

ድምፁ ግን ይጮሃል። ስለዚህ ወንድሜ ደስተኛ ነበር። እኔም ዝም አልኩ። እንግዲህ ዝም ማለቴን እየቆጠራችሁ ከሆነ፣ ሁለት ሆኗል።

የእማማ ነገር የተከሰተው ከዚህ በኋላ ነው። ያን ዕለት ማታ ሁለታችንም ስለ እሳቸው አላወራንም። ቤት ገብተን ቁጭ እንዳልን እናታችን ከጓዳ «ቡናው ፈልቷል፣ ና አንሳልኝ» ብላ ተጣራች። እኔ ሰማሁ። እሱ አጠገቤ ተቀምጦ አልሰማም። ለወራት ቴሌቪዥኑን ከፍ ሲያደርግ «የሥራ ጩኸት ለምዶበት ነው» እንል ነበር። እናታችን እንዲያውም «ጆሮ ዳባ ልበስ የሚለኝ ሥራ ላለመሥራት ነው» ትል ነበር። በዚያች ቅጽበት የእማማ ንግግር መጣብኝ። «ለካ የእናንተም አይሰማም።»

በማግስቱ ስልኬ ላይ የድምፅ መለኪያ ጭኜ አብሬው ዞርኩ። የስልክ መለኪያ ፍርድ ቤት አይቀርብም፤ ትክክለኛ መሣሪያ አይደለም። ቢሆንም መጠኑን ይጠቁማል። በሹፌሩ ወንበር ላይ 94 አካባቢ አነበብኩ። ከኋላ፣ ተሳፋሪው ጆሮ አጠገብ፣ ከዚያም በላይ።

94 ምን ማለት ነው? ናዮሽ የሚባለው የአሜሪካ የሥራ ደኅንነት ጥናት ተቋም ያወጣው ልክ አለ። ለ85 ዴሲቤል በቀን 8 ሰዓት ይፈቅዳል። ድምፁ 3 ዴሲቤል በጨመረ ቁጥር ሰዓቱ በግማሽ ይቀንሳል። 88 ላይ 4 ሰዓት፣ 91 ላይ 2 ሰዓት፣ 94 ላይ 1 ሰዓት። ወንድሜ በቀን 12 ሰዓት ይሠራል።

ወደ ጆሮ ሐኪም ይዤው ሄድኩ። ጠባብ ዝግ ክፍል ውስጥ አስገብተው ጆሮው ላይ ማዳመጫ አደረጉለትና «ፉጨት በሰማህ ቁጥር እጅህን አንሳ» አሉት። እኔ በመስታወቱ አየዋለሁ። እጁን ያነሳል፣ ያወርዳል፣ ያነሳል። ከዚያ ረዘም ላለ ጊዜ እጁ ጉልበቱ ላይ ቀረ። ፉጨቱ የቆመ መስሎኝ ነበር። አልቆመም።

ሐኪሟ ወረቀቱን አሳየችን። መስመሩ ደህና ይመጣና 4,000 ኸርዝ አካባቢ ሲደርስ እንደ ገደል ይወርዳል። በጩኸት የተጎዳ ጆሮ መጀመሪያ የሚቀነሰው እዚያ ሰፈር ላይ ነው። ወፍራም ድምፅ ይሰማዋል፤ የሚቀንስበት ቀጭኑ ነው። እነ ሰ፣ ሸ፣ ፈ፣ ጨ የሚኖሩት ደግሞ ቀጭኑ ላይ ነው። «ሰው ሲያወራ ድምፁን ትሰማለህ፣ ቃሉ ግን ያመልጥሃል» አለችው። ከሞተሩና ከሙዚቃው የትኛው ምን ያህል እንደጎዳው መለየት እንደማይቻልም ነገረችን። ጉዳቱ ጆሮ ውስጥ ያሉ እጅግ ጥቃቅን የፀጉር ሕዋሳት ላይ ነው፤ እነሱ በሰው ልጅ ላይ አንዴ ከሞቱ ተመልሰው አይበቅሉም። መድኃኒት የለውም። የቀረውን መጠበቅ ብቻ ነው።

ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይባላል። ተረቱ ስለ ሐሜት ነው፤ ያን ቀን ግን ቃል በቃል ገባኝ።

ከሐኪም ቤት ስንወጣ «ነቅለን እንጣለው» አልኩት። ወንድሜ ለረዥም ጊዜ ዝም ብሎ ከሄደ በኋላ «ዝም ብዬ ሞተሩን ስሰማ ልዋል?» አለኝ። እውነቱን ነው። የባጃጅ ሞተር ከኋላ ወንበር ሥር ነው፤ እሱም ቀላል ጩኸት አይደለም። ዘፈኑን ብናነሳም ድካሙ ይቀራል። የሄድኩበት መንገድ ልክ እንዳልሆነ የገባኝ ያኔ ነው። «ይጩህ ወይስ ይነቀል?» ብቻ ነበር ጥያቄያችን። «ለምንድነው ማስጮህ ያስፈለገው?» ብለን ጠይቀን አናውቅም።

መልሱን ያገኘሁት ከማልጠብቀው ቦታ ነው። አሜሪካ ውስጥ በትልልቅ የረዥም ጉዞ ሞተር ሳይክሎች አገር የሚያቋርጡ ሽማግሌዎች አሉ። ሆንዳ ጎልድ ዊንግ፣ ሃርሊ ዴቪድሰን የሚባሉት። ጎልድ ዊንግ እ.ኤ.አ. በ1975 ሲወጣ ባዶ ሞተር ነበር፤ በኋላ ነው ፋብሪካው ሬድዮና ስፒከር እየጨመረበት የሄደው። ነጂዎቹ ግን በፋብሪካው ድምፅ አይረኩም። የራሳቸውን ስፒከርና አምፕ ይቀይራሉ፣ ሲቀይሩም ቪዲዮ ይቀርጻሉ። ችግራቸው ከእኛ ጋር አንድ ነው፦ ጣሪያና ግድግዳ በሌለው ነገር ላይ፣ 12 ቮልት ባትሪ ይዞ፣ ሞተር እየጮኸ ሙዚቃ መስማት። እነሱ ላይ ነፋሱ ይጨመራል፣ እኛ ላይ ተሳፋሪው። ሌሊት ሌሊት እነሱን እያየሁ ማስታወሻ ያዝኩ። የተማርኩትን በአጭሩ ልንገራችሁ፤ ባጃጅ፣ ታክሲ ወይም የራሳችሁ መኪና ላላችሁም ይጠቅማል።

አንደኛ፣ የዋቱ ነገር። ባትሪው 12 ቮልት ነው። አምፑ የተገጠመበት ፊውዝ 10 አምፒር ነበር። 12 ሲባዛ በ10፣ 120 ዋት። ፊውዙ ሳይቃጠል አምፑ ያለማቋረጥ ሊስብ የሚችለው ይህንን ነው። እንደ እኛው ዓይነት አምፕ ደግሞ ከሚስበው ወደ ግማሽ የሚጠጋውን በሙቀት ያባክነዋል። ስፒከሩ ጋ የሚደርሰው 60፣ ቢበዛ 70 ዋት ነው። የምር 1000 ዋት ለማውጣት ምንም ሳይባክን እንኳ ከ80 አምፒር በላይ ያስፈልጋል፤ በዚያ ቀጭን ሽቦ ቢሞከር ሽቦው ነው ቀድሞ የሚቀልጠው። ካርቶኑ ላይ ያለው ቁጥር ጌጥ ነው።

ሁለተኛ፣ ዋት መጨመር የሚያስገኘው ነገር ትንሽ ነው። ዋቱን እጥፍ ብታደርጉት ድምፁ የሚጨምረው 3 ዴሲቤል ብቻ ነው። ለጆሯችን እጥፍ የጮኸ እንዲመስለን ወደ 10 ዴሲቤል፣ ማለትም 10 እጥፍ ዋት ያስፈልጋል። ከዚህ ይልቅ ስፒከሩ ላይ የተጻፈውን የዴሲቤል ቁጥር ማየት ይሻላል። በአንድ ዋት 86 ዴሲቤል የሚያወጣ ስፒከር አለ፤ 92 የሚያወጣም አለ። 92 የሚያወጣው በ15 ዋት የሚሰጣችሁን፣ 86 የሚያወጣው በ60 ዋት ነው የሚሰጣችሁ። እኛ ስፒከሩን በመልኩ ነበር የገዛነው።

ሦስተኛ፣ የሚያሻክረው ነገር። አምፕ ከአቅሙ በላይ ሲጠየቅ የድምፁን ሞገድ ጫፍና ጫፉን ይቆርጠዋል። ያኔ ዘፈኑ ይሻክራል፣ ቃሉ ይደፈናል። ሹፌሩ «አልጠራልኝም» ብሎ ይጨምራል። ሲጨምር ይበልጥ ይሻክራል። ይበልጥ ሲሻክር ይበልጥ ይጨምራል። ወንድሜ ለወራት የፈለገው ጥራት ነበር። ያገኘው ግን ጩኸት ነው፤ ምክንያቱም እጁ ላይ የነበረው ቁልፍ የጩኸት ብቻ ነበር።

አራተኛ፣ ቦታው። ስፒከሮቹ ከተሳፋሪው ጀርባ ናቸው። ሙዚቃው ሹፌሩ ጋ ለመድረስ በሦስት ሰው ጭንቅላት ላይ ያልፋል። ከድምፁ ምንጭ የምትርቁት እጥፍ በሆነ ቁጥር ሜዳ ላይ 6 ዴሲቤል ያህል ይቀንሳል። ስለዚህ ለሹፌሩ «ልክ» የሆነው ለእማማ ጆሮ ከልክ በላይ ነው። ዘፈኑ የእሱ ነው ብለን፣ እሱ ካለበት ቦታ ሁሉ ርቆ የተቀመጠው ስፒከሩ ነበር።

አንድ እሑድ ግቢያችን ውስጥ ባጃጁን አቁመን ሁሉንም ነቀልነው። የቤዙን ሳጥንና አምፑን በኪሳራ ሸጥን። ሁለት መጠነኛ፣ 4 ኢንች ስፒከርና አንድ ትንሽ አምፕ ገዛን። ጀሞ የሚሠራ የሠፈራችን አናጺ ከተራረፈ ኤምዲኤፍ ሁለት ትንንሽ ዝግ ሳጥን ሠራልን፤ ጀርባው ክፍት የሆነ ስፒከር ከኋላ የሚያወጣው ድምፅ ከፊት የሚያወጣውን ወፍራም ድምፅ ያጠፋዋል። ሳጥኖቹን ከፊት፣ ከመሪው ግራና ቀኝ፣ ወደ ሹፌሩ አዙረን አሰርናቸው።

ሽቦውን ወፈር አደረግነው፣ ፊውዙን ከባትሪው አጠገብ አስገባነው። የአምፑን ኔጌቲቭ ሽቦ በአጭሩ አድርገን፣ ቀለሙ ተፍቆ የነጣ የሻሲ ብረት ላይ አጥብቀን አሰርነው፤ የድምፁን ገመድ ከባትሪው ሽቦ አርቀን በሌላ በኩል አሳለፍነው። ያ ከሞተሩ ጋር የሚጮኸው «ዊይይ» ወዲያው ጠፋ። ድሮ ሁለቱ ስፒከሮች በአንድ መውጫ ላይ ተደርበው ታስረው ነበር፤ አምፑን የሚያግለው አንዱ ነገር ያ ነው። አሁን እያንዳንዱን በየራሱ መውጫ አሰርን። «ኤችፒኤፍ» የሚለውን ቁልፍ 100 ኸርዝ አካባቢ አደረግነው፤ ትንሽ ስፒከር ሜዳ ላይ ከዚያ በታች ያለውን ቤዝ ሊያወጣ ሲታገል ነው የሚንተፋተፈው። «ጌይን» የሚለው ደግሞ የድምፅ መጨመሪያ አለመሆኑን ያን ቀን ተማርኩ። ከስልኩ የሚመጣውንና አምፑ የሚቀበለውን ማመጣጠኛ ነው። ዝቅ አድርገን፣ መሻከር ሊጀምር ሲል ትንሽ መለስ ብለን ተውነው።

ቀረን አንድ ነገር፦ «እስከ ምን ድረስ ይከፈት?» የስልኩን መለኪያ ላወጣ ስል ወንድሜ «ተው እሱን» አለኝ። እናታችንን ከቤት ጠራትና ከኋላ ወንበር አስቀመጣት። ሞተሩን አስነሳ፣ ዘፈን ከፈተ።

«እማዬ፣ ወራጅ በይ እስቲ። ሳትጮኺ።»

እናታችን ሳቀች። «ወራጅ» አለች። አልሰማም። ቀነሰ። «ወራጅ» አለች። አልሰማም። ቀነሰ። በአራተኛው እጁን አነሳ፤ ልክ ዝግ ክፍል ውስጥ እንዳነሳው። እዚያች ቦታ ላይ ቁልፉ አጠገብ በቀይ ቀለም ምልክት አደረገ። ሥራ ላይ ከዚያች ምልክት አያልፍም።

ዘፈኑ ግን ይሰማል። የሚገርመው ይህ ነው። ከድሮው እጅግ ዝቅ ብሎ፣ ከድሮው ይበልጥ ይሰማል። ክራሩ ከማሲንቆው ተለይቶ ይሰማል። ወንድሜ ለዓመታት የሚያውቀውን አንድ ዘፈን ሰምቶ «ለካ እንዲህ ነው የሚለው» አለ። ግጥሙን በስህተት ነበር ሲያዜመው የኖረው።

አሁን ወደ እናንተ ልምጣ።

ኤትየን ሎምባርድ የሚባል ፈረንሳዊ የጆሮ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1911 የጻፈው ነገር አለ። ሰው ጫጫታ ውስጥ ሲገባ ሳያውቀው ድምፁን ከፍ ያደርጋል። ማንም አያዘውም፣ አስቦበትም አይደለም። እስቲ አንድ ቀን ከጀርመን አደባባይ እስከ ጀሞ በእግራችሁ ሂዱ። ሱቁ በር ላይ ሞንታርቦ አውጥቷል። የጎኑ ሱቅ ያኛውን ለመብለጥ ሁለት አውጥቷል። ማስታወቂያ የጫነው መኪና ሁለቱንም ለማሸነፍ ይጮሃል። ታክሲው ውስጥ አንዱ ያለ ማዳመጫ ቪዲዮ ያያል፣ ሌላው በስልክ ለማውራት ከቪዲዮው በላይ ይጮሃል። ፈጣሪን እንኳ በሞንታርቦ ስንጠራ አንዳችን ከአንዳችን ላለማነስ ነው። እያንዳንዱን ለብቻ ጠይቁት፤ «እኔ ምን ላድርግ፣ እሱ ሲጮህ!» ይላችኋል። እውነቱንም ነው።

ድሮ በጻፍኩት ጽሑፍ ላይ መፍትሔዬ አጭር ነበር፦ ሕግ አለ፣ ይፈጸም፣ ስፒከሩ ይወረስ። ሕግ መኖሩን ዛሬም አልጠላም። ሌሊት 45 ዴሲቤል የሚለው ቁጥር ለታመመ፣ ለአራስ፣ ለተማሪ የተጻፈ ነው። ግን ያ ጽሑፍ ስለ ጩኸቱ እንጂ ስለሚጮኸው ሰው አንድ መስመር አልነበረውም። በቀን 12 ሰዓት የሰው ንብረት ላይ ተቀምጦ፣ ሥራው ሁለት ጊዜ በአንድ ማስታወቂያ ቆሞበት፣ የራሴ የሚለው ዘፈን ብቻ የቀረለትን ልጅ ስፒከሩን ብትነጥቁት ዝም ይላል። ዝምታውን ግን ሰላም ነው ብዬ አልጽፍም።

በሌላ በኩል፣ ወንድሜ ስለሆነ አላዳላም፦ የዘፈኑ ባለቤትነት የእማማን «ወራጅ» የመዋጥ መብት አይሰጠውም። ታሪፉን ከፍለዋል። መውረጃቸው ላይ መውረድ አለባቸው። ለሹፌር ወዳጆቼ አንድ ነገር ብቻ ልለምን፦ መለኪያ መግዛት አያስፈልጋችሁም። እናታችሁን ከኋላ አስቀምጡና «ወራጅ» አስብሏት። ሳትጮህ። የሱቅ ባለቤቶችም እንዲሁ፤ ደንበኛው በር ላይ ቆሞ «ስንት ነው?» ሲል ትሰሙታላችሁ? ካልሰማችሁት ሞንታርቦው የሚሠራው ለማን ነው?

«አንተ የራስህን ብልሃት ለሁሉ ሰው ታድላለህ፤ ስንቱ ሹፌር ነው ሁለት ጊዜ አምፕ የሚገዛ?» የምትሉኝ ትኖራላችሁ። ልክ ናችሁ። መጀመሪያውኑ ሳንጣደፍ ብንገዛ ኖሮ ግን ከስምንት ሺው የሚተርፍ ነበር። ያነሰ ዋት፣ የተሻለ ስፒከር፣ ቀረብ ያለ ቦታ። ውድ የሆነብን ጩኸቱ ነው።

ይህን ስጽፍ ሁሉም ነገር ተስተካክሏል እንዳልል። የወንድሜ ጆሮ አልተመለሰም፣ አይመለስምም። ማታ ማታ «ጭው ይልብኛል» ይላል። ተሳፋሪ ሳይኖር ብቻውን ሲመለስ ቀይዋን ምልክት እንደሚያልፍ አውቃለሁ፤ ከሩቅ ሲመጣ ስለምሰማው። ተቆጥቼው አውቃለሁ፣ ከዚያም ትቼዋለሁ፣ እንደገናም እቆጣለሁ።

እማማን እስካሁን አላገኘናቸውም። ወር በገባ በ21 ወንድሜ ሃና ማርያም አካባቢ ሲደርስ ባጃጁን ያቀዘቅዛል፤ ነጠላ የለበሰ ሁሉ ከዘራ የያዘ ይመስለዋል።

ባለፈው ማርያም አብሬው ነበርኩ፣ ከኋላ። ስልኬ ኪሴ ውስጥ ነው። ከጎኔ የተቀመጡ ሌላ እናት፣ ድምፃቸው ከትንፋሽ ብዙም የማይበልጥ፣ «ወራጅ» አሉ። ዘፈኑ ከምልክቱ በታች ነበር። ወንድሜ ግን አልሰማም። ቀጭን ድምፅ ነበር፣ እዚያ ገደሉ ጋ የሚወድቅ።

«ወራጅ አለ» አልኩ እኔ።

ቆመ።

ቸር ይግጠመን።